ከርነሉ ሰዓቱን ከየት ያምጣ? የሃርድዌር ታይመር አመራረጥ ደረጃ በደረጃ

አንድ ተራ ባለ ኢንቴል ወይም ባለ ኤኤምዲ ኮምፒውተር ውስጥ ጊዜ የሚቆጥሩ ስድስት የተለያዩ አካላት ይገኛሉ፦ እ.ኤ.አ. ከ1981ዱ የአይቢኤም ፒሲ የተወረሰው ፒአይቲ፣ በባትሪ የሚሠራው አርቲሲ፣ ከኤሲፒአይ ጋር የመጣው ፒኤም ታይመር፣ ኤችፔት፣ በየኮሩ ላይ ያለው የሎካል ኤፒክ ታይመር፣ እንዲሁም የፕሮሰሰሩ የራሱ ቆጣሪ የሆነው ቲኤስሲ። የሚቆጥሩበት ፍጥነት ይለያያል፤ ሞልተው ወደ ዜሮ የሚመለሱበት ጊዜም ይለያያል። አንዱን ማንበብ ጥቂት ናኖ ሰከንድ ሲፈጅ ሌላው አንድ ማይክሮ ሰከንድ ይበላል። ፕሮሰሰሩ ሲተኛ አብረው የሚተኙም አሉ። የራሱን ከርነል የሚጽፍ ተማሪም ሆነ ሊነክስን አዲስ ሰሌዳ ላይ የሚያስነሳ መሐንዲስ ከእነዚህ መካከል መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ምርጫው የተበላሸበት ከርነል ደግሞ ወዲያው አይወድቅም። ደህና መስሎ ሲሠራ ሰንብቶ፣ አንድ ቀን የዳታቤዙ መዝገቦች ቅደም ተከተል ተዛብቶ ይገኛል።

ከታይመሩ በፊት ሥራው

"የትኛው ታይመር ይሻላል?" የሚለው ጥያቄ እንዲሁ ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ ላይ ያጨቀ ጥያቄ ነውና። የመጀመሪያው ሥራ ማሽኑ ሲነሳ ቀኑንና ሰዓቱን ማወቅ ነው። ሁለተኛው ከዚያ ወዲህ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ መለካት ነው። ሦስተኛው "ከ3 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ቀስቅሰኝ" ብሎ ማዘዝ ነው። ሰዓት ማየትና ደወል መሙላት ለየቅል እንደሆኑ ሁሉ፣ ለሁለተኛው ሥራ የሚመረጠው ታይመር ለሦስተኛው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የምርጫው የመጀመሪያ እርምጃ በኮዱ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ክፍሎችን ማበጀት ነው፦ የሚነበብ የሰዓት ምንጭና ኢንተራፕት የሚልክ ቀስቃሽ።

ሊነክስ ራሱ ይህን መለያየት ያገኘው ዘግይቶ ነው። የጆን ስተልትዝ አዲስ የሰዓት አያያዝ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው 2.6.18 ሲሆን፣ ቶማስ ግላይክስነርና ባልደረቦቹ የቀስቃሾቹን ክፍል ለብቻው ያቆሙት በ2007 በወጣው 2.6.21 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው መሠረት በየጊዜው የሚመጣው የታይመር ኢንተራፕት፣ ማለትም ቲክ ነበር፤ ቲክ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ አንድ እርምጃ ይገፋል። ዛሬም በርካታ የከርነል ጀማሪዎች የሚከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው፤ ቀላል ነውና። ቢተዉት ይሻላቸዋል።

ለምን እንደሆነ በሒሳብ ማየት ይቻላል። ፒአይቲ በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ ይቆጥራል። ቁጥሩ እንግዳ የሆነው መነሻው የአሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን ስለሆነ ነው፤ በመጀመሪያው ፒሲ ላይ የነበረው የ14.31818 ሜጋኸርዝ ክሪስታል የቴሌቪዥን የቀለም ምልክት ድግግሞሽ አራት እጥፍ ሲሆን፣ ለፒአይቲ የደረሰው የዚያው ክሪስታል አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። በየ1 ሚሊ ሰከንዱ ኢንተራፕት እንዲልክ ቢፈለግ በ1,193.18 መሞላት ነበረበት። ቆጣሪው ግን ክፍልፋይ አይቀበልም። 1,193 ሲሞላ እያንዳንዱ ኢንተራፕት ከሚሊ ሰከንዱ ጥቂት ቀድሞ ይመጣል፤ እያንዳንዱን እንደ ሙሉ ሚሊ ሰከንድ የሚቆጥር ከርነል በቀን 13 ሰከንድ ያህል ይቀድማል። በ100 ኸርዝ ደግሞ 11,932 ይሞላና ሰዓቱ በተቃራኒው በቀን 1.3 ሰከንድ ወደኋላ ይቀራል። ይህ ሁሉ ክሪስታሉ እንከን የለሽ ነው ተብሎ ነው። በዚያ ላይ አንድ ድራይቨር ኢንተራፕት ዘግቶ ከሁለት ቲክ በላይ ከቆየ የጠፋውን ቲክ የሚመልሰው የለም።

ስለዚህ መርሁ ይህ ነው፦ ያለፈ ጊዜ ከቆጣሪ ይነበባል እንጂ ከኢንተራፕት አይደመርም። ኢንተራፕት ቢዘገይ ወይም ቢጠፋ ሥራው ይዘገያል፤ ሰዓቱ ግን አይዛባም።

አርቲሲን አንድ ጊዜ ማንበብ

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እያለ ጊዜን የሚይዝ አንድ አርቲሲ ብቻ ነው። በእ.ኤ.አ. 1984ቱ ፒሲ ኤቲ ላይ የሞቶሮላ ኤምሲ146818 ቺፕ ነበር፤ ዛሬ በማዘርቦርዱ ቺፕሴት ውስጥ ተካቶ የሚሠራው የዚያው ወራሽ ነው። የሚሠራበት ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ ቁጥሩ ለ15 ጊዜ በሁለት ሲካፈል ልክ አንድ ይሆናል። እንዲህ ያለ ክሪስታል በሚሊዮን 20 ቢዛባ በቀን 1.7 ሰከንድ ነው። ከአንድ ሰከንድ በታች ያለውን ጊዜ አይናገርም፤ ንባቡም ዝግተኛ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሲነሳ አንዴ ያንብቡትና ለዕለታዊ ሥራ አይመለሱበት።

ንባቡ ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው፣ አርቲሲ ራሱን በሚያድስበት ቅጽበት ከተነበበ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ የሆነ ሰዓት ይሰጣል። ሬጂስተር ኤ ላይ ቢት 7 ዜሮ እስኪሆን ይጠብቁ፣ ሁሉንም መስኮች ያንብቡ፣ ከዚያ ይድገሙና ሁለቱ ንባቦች ተመሳሳይ ሲሆኑ ብቻ ይቀበሉ። ሁለተኛው፣ ቁጥሮቹ አብዛኛውን ጊዜ በቢሲዲ ይቀመጣሉ፤ 59 ደቂቃ በቀጥታ እንደ ተራ ቁጥር ከተወሰደ 89 ሆኖ ይወጣል። ቢሲዲ ይሁን አይሁን የሚናገረው የሬጂስተር ቢ ቢት 2 ነው።

አርቲሲ የተሞላበት የሰዓት ክልል የትም አልተጻፈም። ዊንዶውስ የአካባቢውን ሰዓት ይጽፍበታል፣ ሊነክስ ደግሞ በተለምዶ ዩቲሲን። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለቱን በአንድ ላፕቶፕ ጎን ለጎን የጫነ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ሰዓቱ 3 ሰዓት ተዛብቶ የሚያገኘው በዚህ ነው። ለአዲስ ከርነል ዩቲሲን መምረጥ ይበጃል፤ ውስጡም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ በ64 ቢት ይያዝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚነሳው የኛ አቆጣጠርም ሆነ የዓመተ ምሕረቱ ልዩነት ከከርነሉ ውጭ፣ ለተጠቃሚው በሚያሳየው ፕሮግራም ይስተካከል።

የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ ሲያልቅ ማሽኑ ከዓመታት በፊት የነበረ ቀን ይዞ ይነሳል፤ ብሮውዘሩም የድረ ገጾችን ሰርተፊኬት አልቀበልም ይላል። ርካሹ መከላከያ ከርነሉ ከተገነባበት ቀን የቀደመ ሰዓት ከአርቲሲ ሲመጣ ውድቅ አድርጎ ከግንባታው ቀን መነሳት ነው። ሲስተምዲም ተመሳሳይ ዘዴ ይጠቀማል።

የሰዓት ምንጩ፦ ቲኤስሲ ካመኑት

ቲኤስሲ እ.ኤ.አ. በ1993 ከፔንቲየም ጋር መጣ። 64 ቢት ነው፣ በአንድ የፕሮሰሰር ትእዛዝ ይነበባል፣ ከፕሮሰሰሩ ወጥቶ ወደ ቺፕሴት መሄድ ስለማያስፈልግ ንባቡ በአሥር የሚቆጠሩ የፕሮሰሰር ዑደቶች ብቻ ይፈጃል። ተጠቃሚው ፕሮግራም ያለ ሲስተም ኮል ራሱ ሊያነበው መቻሉ ደግሞ ሌሎቹ ታይመሮች የማይደርሱበት ጥቅም ነው። በሁሉም መለኪያ የሚበልጥ ይመስላል፤ ታሪኩ ግን ጥሩ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ቲኤስሲ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይከተል ነበር፤ ላፕቶፑ ባትሪ ለመቆጠብ ፍጥነቱን ሲቀንስ ሰዓቱም አብሮ ይዘገይ ነበር። ከዚያ በ2005 ገደማ አትሎን 64 ኤክስ2ን የመሳሰሉ ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰሮች ሲመጡ የአንዱ ኮር ቆጣሪ ከሌላው ይለያይ ጀመር። ከኮር ወደ ኮር የተዛወረ ጌም ጊዜ ወደኋላ ሲሄድ ያየው ያኔ ነው፤ ኤኤምዲም ይህን የሚያርም ሶፍትዌር ለብቻው እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር።

ይህ ችግር በአዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ተፈቷል፤ በኢንቴል በኩል እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ ኔሃለም ወዲህ። ሆኖም ከርነሉ መጠየቅ አለበት። የሲፒዩአይዲ ትእዛዝ በሄክስ 80000007 ተጠርቶ የኢዲኤክስ ቢት 8 አንድ ከሆነ፣ ቆጣሪው ፍጥነት ቢለዋወጥም ፕሮሰሰሩ ቢተኛም በአንድ ፍጥነት ይቀጥላል ማለት ነው። ቢቱ ዜሮ ከሆነ ቲኤስሲን ለሰዓት ምንጭነት አይውሰዱ። በቃ።

ቢቱ አንድ ሆኖም ኮሮቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ማረጋገጥ ይቀራል፤ በተለይ ሁለትና ከዚያ በላይ የፕሮሰሰር ሶኬት ባለው ሰርቨር ላይ። ፈተናው አጭር ነው። ሁለት ኮሮች አንድ መቆለፊያ እየተቀባበሉ ቲኤስሲን ያነባሉ፣ ያነበቡትን በጋራ ቦታ ያስቀምጣሉ። አንዱ ኮር የሚያነበው ቁጥር ሌላው ቀድሞ ካስቀመጠው ካነሰ ጊዜ ወደኋላ ሄዷል፤ ፈተናው ወድቋል። ፕሮሰሰሩ ትእዛዞችን ቅደም ተከተላቸውን አቀያይሮ ስለሚሠራ ከንባቡ በፊት ኤልፌንስ የተባለውን ማገጃ ማስገባት እንዳይዘነጋ።

ፍጥነቱን መለካት

ቲኤስሲ ይቆጥራል እንጂ በሰከንድ ስንት እንደሚቆጥር አይናገርም። አዳዲስ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በሲፒዩአይዲ ሄክስ 15 የክሪስታሉን ድግግሞሽና የሚባዛበትን ክፍልፋይ ይነግራሉ፤ በአንዳንዶቹ ግን የክሪስታሉ ቦታ ዜሮ ሆኖ ይመጣል። ዜሮውን በግምት መሙላት ምን እንደሚያስከትል የሊነክስ ታሪክ ያሳያል። ለስካይሌክ ዚኦን ቤተሰብ 25 ሜጋኸርዝ ተብሎ በኮዱ ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ ያንኑ የሞዴል ቁጥር የያዙት ዎርክስቴሽኖች ግን 24 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ነበራቸው። ሰዓታቸው በመቶ 4 ገደማ ተዛባ። ሰርቨሮቹም ቢሆኑ አልዳኑም፤ የኤሌክትሮማግኔቲክ ጣልቃ ገብነትን ለመቀነስ የተጨመረ ሰርኪዩት የክሪስታሉን ፍጥነት በመቶ ሩብ ያህል ስለሚያወርደው እነሱም ከኔትወርኩ ሰዓት ይርቁ ነበር።

ስለዚህ መለካት። ለዚህ ሥራ የአርባ ዓመቱ ፒአይቲ አሁንም ያገለግላል፤ በተለይ የኮምፒውተሩን ድምፅ ማጉያ ያንቀሳቅስ የነበረው ቻናል 2፣ ኢንተራፕት ሳያስፈልገው ስለሚነበብ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በፖርት ሄክስ 61 ላይ ቢት 1ን ያጥፉ፣ ማጉያው ዝም እንዲል፤ ቢት 0ን ያብሩ፣ ቆጣሪው እንዲፈቀድለት። ወደ ፖርት 43 በሁለትዮሽ 10110000 ይጻፉ፤ ይህ ቻናል 2ን አንድ ጊዜ ቆጥሮ በሚያቆምበት ስልት ያዘጋጀዋል። ከዚያ ለ50 ሚሊ ሰከንድ 59,659ን ወደ ፖርት 42 ያስገቡ፣ መጀመሪያ የታችኛውን ባይት ቀጥሎ የላይኛውን። ወዲያው ቲኤስሲን ያንብቡ። የፖርት 61 ቢት 5 አንድ እስኪሆን ይጠብቁ፣ ደግመው ያንብቡ። ልዩነቱ 120,000,000 ከሆነ ቲኤስሲ በሰከንድ 2.4 ቢሊዮን ይቆጥራል።

አንድ ልኬት አይበቃም። ፈርምዌሩ ከርነሉ ሳያውቅ ፕሮሰሰሩን ለአፍታ የሚወስድበት ኤስኤምአይ የተባለ ኢንተራፕት አለ፤ በልኬቱ መሃል ከገባ ውጤቱን ያሳብጠዋል። ልኬቱን ደጋግመው ከውጤቶቹ ትንሹን ይውሰዱ፤ መስተጓጎል ባብዛኛው የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይደለም። የመጠበቂያው ሉፕ ላይም ገደብ ያብጁ። በአንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች ፈርምዌሩ ኃይል ለመቆጠብ ፒአይቲን ያጠፋዋል፤ ገደብ የሌለው ሉፕ እዚያ ላይ እስከ ዘለዓለም ይጠብቃል፤ ተጠቃሚው ጥቁር ስክሪን ብቻ ያያል።

ቲኤስሲ ካልሆነስ?

ተራው የኤችፔት ነው፤ እሱም ከሌለ የፒኤም ታይመር። ሊነክስ ለሰዓት ምንጮቹ የሚሰጠው ደረጃ ይህንኑ ይከተላል፦ ቲኤስሲ 300፣ ኤችፔት 250፣ ፒኤም ታይመር 200፣ ፒአይቲ 110።

ኤችፔት የኢንቴልና የማይክሮሶፍት የጋራ ሥራ ነው። የአንዱን ቆጠራ ርዝመት ራሱ በፌምቶ ሰከንድ ይናገራል፤ ልኬት አያስፈልገውም። ከ10 ሜጋኸርዝ በታች መሆን አይፈቀድለትም፤ በብዙ ማሽኖች ላይ ያችው የቀለም ቴሌቪዥን 14.31818 ትገኝበታለች። ለሰዓት ምንጭነት ደህና ነው፣ ንባቡ ውድ ቢሆንም። ለቀስቃሽነት ሲወሰድ ግን ብዙዎችን ያስለቀሰ ጠባይ አለው። ማመሳከሪያው ኢንተራፕት የሚልከው ዋናው ቆጣሪ ከተጻፈለት ቁጥር ጋር እኩል በሆነበት ቅጽበት ብቻ ነው፤ ቆጣሪው ያንን ቁጥር አልፎት ከሄደ ዝም ይላል። ከርነሉ በጣም ቅርብ የሆነ ጊዜ አስልቶ ሲጽፍ ቆጣሪው በመሃል ካለፈ፣ ኢንተራፕቱ የሚመጣው ቆጣሪው ዞሮ ሲመለስ ነው። በ32 ቢት ሲሆን ያ 5 ደቂቃ ነው። ማሽኑ ለ5 ደቂቃ ደርቆ እንደገና ሲነሳ ምክንያቱን ለመገመት የሚቸገሩት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ቁጥሩን ከጻፉ በኋላ ቆጣሪውን መልሶ ማንበብ ነው፤ ካለፈ ወይም ሊያልፍ ከተቃረበ እንደገና ራቅ አድርጎ መጻፍ።

ፒኤም ታይመር ቀላልና ታማኝ ነው፤ 3.579545 ሜጋኸርዝ፣ ፍጥነቱ የማይለዋወጥ። ሆኖም በብዙ ማሽን 24 ቢት ብቻ ስለሆነ በ4.69 ሰከንድ ይሞላል። ከርነሉ ከዚያ በፊት ካላነበበው አንድ ሙሉ ዙር ያለ ምልክት ይጠፋል። ፒክስ4 በተባለው የቆየ ቺፕሴት ላይ ደግሞ ንባቡ አንዳንዴ የተሳሳተ ስለሚሆን ሦስት ጊዜ አንብቦ ቅደም ተከተሉን ማረጋገጥ ያስፈልግ ነበር።

ቀስቃሹ

ለዚህ ሥራ ሎካል ኤፒክ ይመረጣል። እያንዳንዱ ኮር የራሱ ስላለው የአንዱ ኮር ቀጠሮ ሌላውን አይቀሰቅስም፣ መቆለፊያም አያስፈልግም። በሲፒዩአይዲ 1 የኢሲኤክስ ቢት 24 አንድ ከሆነ የቲኤስሲ ቀነ ገደብ ስልት አለ፤ ከርነሉ "ቲኤስሲ እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ ቀስቅሰኝ" ብሎ በአንድ ጽሑፍ ያዝዛል። ከኤችፔት በተለየ፣ ቁጥሩ አስቀድሞ ያለፈ ቢሆንም ኢንተራፕቱ ወዲያው ይመጣል። ይህ ስልት ባለበት ማሽን ላይ ሌላ ቀስቃሽ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ስልቱ ከሌለ የቆየው ባለ 32 ቢት ወደታች ቆጣሪ አለ፤ ፍጥነቱ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ እንደ ቲኤስሲው ይለካ። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይጣራ፦ በቆዩ ፕሮሰሰሮች ኮሩ ጥልቅ እንቅልፍ ሲገባ የሎካል ኤፒክ ታይመርም ይቆማል፤ የሚቀሰቅሰው ራሱ ተኝቷልና ኮሩ በቀጠሮው አይነሳም። ሲፒዩአይዲ 6 የኢኤኤክስ ቢት 2 አንድ ከሆነ ታይመሩ አይተኛም። ዜሮ ከሆነ ወይ ጥልቁን እንቅልፍ መከልከል፣ ወይ ሊነክስ እንደሚያደርገው ኤችፔትን የጋራ ቀስቃሽ አድርጎ ማቆም ነው። ለመጀመሪያ ከርነል መከልከሉ ይበቃል።

ከቆጠራ ወደ ናኖ ሰከንድ

ከርነል ውስጥ በእያንዳንዱ ንባብ ማካፈል ውድ ነው፤ ተንሳፋፊ ነጥብም አይወደድም። ስለዚህ ቆጠራው በአንድ ሙሉ ቁጥር ይባዛና ውጤቱ በተወሰነ ቢት ወደ ቀኝ ይገፋል። ለ2.4 ጊጋኸርዝ፣ ግፊቱ 32 ቢት ከሆነ ማባዣው 1,789,569,707 ነው፤ ከመጠጋጋት የሚመጣው ስህተት በቀን 16 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ብቻ። ችግሩ ብዜቱ 64 ቢት ውስጥ የሚገባው ለ4.29 ሰከንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ከዚያ በላይ ያልተነበበ ልዩነት ሲባዛ ይሞላና ጊዜው ይበላሻል። ግፊቱ ወደ 24 ቢት ቢቀነስ ማባዣው 6,990,507 ይሆናል፣ ዕድሜው ወደ 18 ደቂቃ ይረዝማል፣ ስህተቱ ግን በቀን ወደ 4 ሚሊ ሰከንድ ያድጋል። ባለ 64 ቢት ኢንቴል ላይ ብዜቱን በ128 ቢት መያዝ ከዚህ ምርጫ ይገላግላል። በሌላው ላይ ልዩነቱን በየጊዜው ወደ መሠረቱ እየደመሩ ከዜሮ መነሳት ያስፈልጋል።

ይህች ትንሽ ስህተት ስትደማመር የምታደርገውን ለማየት የፓትሪዮት ሚሳይል ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን የነበረው የፓትሪዮት ሥርዓት ጊዜን በሰከንድ አንድ አሥረኛ እየቆጠረ፣ ቆጠራውን በ24 ቢት በተያዘ 0.1 እያባዛ ወደ ሰከንድ ይለውጥ ነበር። 0.1 በሁለትዮሽ ማለቂያ የለውም፤ ትርፉ ተቆርጧል። ማሽኑ ሳይጠፋ ከ100 ሰዓት በላይ ሲሠራ ስህተቱ ወደ 0.34 ሰከንድ ደረሰ። ለሚሳይል ያ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመጣው የስከድ ሚሳይል ሳይጠለፍ ወደቀና 28 ወታደሮች ሞቱ። ማባዣውን ስንት ቢት ላይ እንቁረጠው የሚለውን ውሳኔ በግዴለሽነት የሚያልፍ ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

አንዱን በሌላው ማመሳከር

የተመረጠው ቲኤስሲ ነገ ሊከዳ ስለሚችል ሊነክስ በአንዳንድ ማሽኖች ላይ በየግማሽ ሰከንዱ ከኤችፔት ወይም ከፒኤም ታይመር ጋር ያመሳክረዋል፤ ልዩነቱ ከገደብ ካለፈ ቲኤስሲ "ያልተረጋጋ" ተብሎ ይወርዳል። ዳኛው ራሱ የሚሳሳትበት ጊዜ ግን አለ። በአንዳንድ ባለ ኮፊ ሌክ ማሽኖች ጥልቅ እንቅልፍ ኤችፔትን ያዛባው ነበር፤ የሊነክስ ከርነል ጤነኛውን ቲኤስሲ ጥፋተኛ እያደረገ ወደ ተበላሸው ኤችፔት ይሸሽ ነበር። በ2019 መፍትሔ የሆነው በእነዚያ ማሽኖች ላይ ኤችፔትን መዝጋት ነው። የሚቻል ከሆነ ሦስተኛ ምስክር ይኑር፦ ሁለት ሰዓቶች ሲለያዩ ፒኤም ታይመርን መጠየቅ።

በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ ፒአይቲና ኤችፔት በሃይፐርቫይዘሩ የተመሰሉ ስለሆኑ እያንዳንዱ ንባብ ከእንግዳው ማሽን ወጥቶ መመለስን ይጠይቃል። ሲፒዩአይዲ 1 የኢሲኤክስ ቢት 31 አንድ ከሆነ ከርነሉ በእንግድነት ላይ ነው፤ ሃይፐርቫይዘሩ የሚያቀርበውን የራሱን ሰዓት፣ ለምሳሌ ኬቪኤም ክሎክን፣ ይፈልግ። ዋጋው ትንሽ አይደለም። ብሬንዳን ግሬግ እንደተረከው፣ ኔትፍሊክስ አንድ የካሳንድራ ዳታቤዝ ክላስተርን ከሴንትኦኤስ ወደ ኡቡንቱ ሲያዛውር የመጻፍ መዘግየቱ ከ30 በመቶ በላይ ጨመረ። ጥፋቱ የተገኘው የዜን ሃይፐርቫይዘር የሰዓት ምንጭ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ ሰዓት ስንት እንደሆነ በመጠየቅ ብቻ የፕሮሰሰሩን ጊዜ ትልቅ ክፍል ይፈጅ ነበር። ወደ ቲኤስሲ ሲቀየር ችግሩ ተፈታ።

በአርም በኩል ምርጫው አጭር ነው፤ ጀነሪክ ታይመር የተባለው አንድ ሥርዓት ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፣ ድግግሞሹም በአንድ ሬጂስተር ይነበባል። ራስበሪ ፓይ 4 ላይ 54 ሜጋኸርዝ ነው። ሬጂስተሩን የሚሞላው ግን ፈርምዌሩ ነው፤ ረስቶት ዜሮ ሊሆን ስለሚችል ሳይፈተሽ ለማካፈያ አይዋል። ሃርድዌሩም ከስህተት አይጸዳም፦ ኦልዊነር ኤ64 የተባለው ቺፕ የታችኞቹ ቢቶች ሲሞሉ አንዳንዴ የተሳሳተ ንባብ ይሰጥ ስለነበር የማሽኑ ሰዓት በአንድ ጊዜ 95 ዓመት ወደፊት ይዘል ነበር። የሊነክስ መፍትሔ የታችኞቹ ቢቶች በሙሉ ዜሮ ወይም በሙሉ አንድ ሆነው ሲገኙ ንባቡን መድገም ነው። በሪስክ ፋይቭ ላይም እንዲሁ አንድ ባለ 64 ቢት ቆጣሪና ማመሳከሪያ አለ፤ ፍጥነቱ ከዲቫይስ ትሪ ይነበባል፣ በኪውኢሙ ቨርት ማሽን 10 ሜጋኸርዝ ነው። በ32 ቢት ሪስክ ፋይቭ ማመሳከሪያው በሁለት ጽሑፍ ስለሚሞላ በመሃል የሐሰት ኢንተራፕት እንዳይመጣ መጀመሪያ የላይኛውን ግማሽ በአንድ ቢቶች ሙሉ በሙሉ ይሙሉት።

ፈተናው

ከርነሉ እየሠራ ለ24 ሰዓት ይተው፤ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ከኔትወርክ ሰዓት ጋር ያስተያዩት። የ1 ወይም የ2 ሰከንድ ልዩነት የክሪስታሉ ነው፤ ኤንቲፒ ያርመዋል። ከ43 ሰከንድ ካለፈ ግን ልኬቱ ተበላሽቷል፤ ሊነክስ ላይ ኤንቲፒ የሰዓቱን ፍጥነት ሊያርም የሚችለው በሚሊዮን እስከ 500 ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ ያለውን አይደርስበትም።

የቆጣሪ መሙላትን ለመፈተን ደግሞ ቀናት መጠበቅ አያስፈልግም። በ1,000 ኸርዝ የሚሮጥ ባለ 32 ቢት የቲክ ቆጣሪ የሚሞላው ከ49.7 ቀን በኋላ ነው፤ ሊነክስ ይህን ቆጣሪ ሆን ብሎ ከመሙላቱ 5 ደቂቃ ቀድሞ ካለው ቁጥር ላይ ያስነሳዋል፣ ስህተት ያለበት ድራይቨር ማሽኑ ከተነሳ በ5 ደቂቃ ውስጥ እንዲጋለጥ። ያንኑ ዘዴ በራስዎ ከርነል ላይ ያድርጉት።

በመጨረሻ ማሽኑን አስተኝተው ይቀስቅሱት። ከእንደዚህ ያለ ሙሉ እንቅልፍ በኋላ በብዙ ማሽኖች ቲኤስሲ ከዜሮ ይነሳል፤ የቀድሞውን መሠረት የያዘ ከርነል ልዩነቱን ሲያሰላ ግዙፍ ቁጥር ያገኛል። ስለዚህ ከመተኛቱ በፊት አርቲሲን ያንብቡ፣ ሲነሳ ደግመው ያንብቡ፣ የተኛበትን ጊዜ ከሁለቱ ልዩነት ወስደው ከርነሉ በያዘው ቀንና ሰዓት ላይ ይደምሩ፣ ቲኤስሲን በአዲስ መሠረት ያስጀምሩ፤ ይህ ሁሉ ደግሞ የመጀመሪያው የታይመር ኢንተራፕት ከመከፈቱ በፊት ይለቅ።